ጠመኔ ያልነካው ጨርቅ

በዚህች ዓለም አንዱ ድንበር ሊጠብቅ፣ አንዱ ሰብል ሊጠብቅ፣ ሌላውም ደጅ ሊጠና ይፈጠራል። አቶ ፈሃድ የተፈጠሩት ጨርቅ ሊጠብቁ ነው። ይህንን ግን ሃምሳ ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ እሳቸውም፣ መሥሪያ ቤታቸውም፣ ባለቤታቸው ካፊያም አላወቁትም ነበር። ታላቅ ተሰጥኦ ዘግይቶ ነው የሚገለጠው።

መሥሪያ ቤቱ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ለባቡር ሹማምንት ከተሠሩት አሮጌ ቪላዎች በአንዱ ይገኛል። ምን እንደሚሠራ እዚህ መናገሩ አስፈላጊ አይደለም፤ ሠራተኞቹም ሲጠየቁ ትንሽ ያስባሉ። አቶ ፈሃድ በዚያ የንብረት ክፍል ኃላፊና የሠራተኞች መዝናኛ ክበብ ሊቀ መንበር ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጽፈው፣ ግልባጭ አድርገው፣ ተከታትለው፣ ተለማምጠው፣ በጥቅምት ወር ለክበቡ አንድ አዲስ የፑል ጠረጴዛ አስገኙ።

ይህን ሁሉ የደከሙት ለሹመት አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ሰማታር የልጅነት ጓደኛቸው ነው። በጉርምስናቸው ዘመን ሁለቱ ከትምህርት ቤት እየጠፉ ቀፊራ ገበያ ጀርባ ፑል ሲጫወቱ ይውሉ ነበር። ሰማታር በመጪው ሰኔ መጨረሻ ጡረታ ይወጣል። "ከመሄድህ በፊት እንደ ድሮው እንገጥማለን" ብለው ቃል የገቡለት ራሳቸው አቶ ፈሃድ ናቸው። ሐሳባቸው እስከዚህ ድረስ ጤነኛ ነበር።

በምርቃቱ ቀን ሥራ አስኪያጁ ሪባን ቆርጠው ንግግር አደረጉ። "ይህ ጠረጴዛ ጠረጴዛ ብቻ አይደለም" አሉ፤ ሌላ ምን እንደሆነ ግን ሳይነግሩን ተጨበጨበላቸው። ከዚያም የመጀመሪያው ምት ለሰማታር ተሰጠ። ሰማታር የመምቻውን እንጨት አንሥቶ፣ እንጨቱ ኳሷ ላይ እንዳይንሸራተት ጫፉን በሰማያዊ ጠመኔ አሸት አሸት አደረገና መታ። ሦስት ኳስ በአንድ ጊዜ ጉድጓድ ገባ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

አቶ ፈሃድ አላጨበጨቡም። ዓይናቸው አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። እዚያ፣ ሰማታር በቆመበት በኩል፣ የምስር ፍሬ የምታህል ሰማያዊ የጠመኔ ብናኝ አርፋለች።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ፤ ድምፃቸው ሰለል ብሎ።

"ጠመኔ ነዋ" አለ ሰማታር።

የጽዳት ሠራተኛዋ ዘርፈሽ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ወደዚህ መሥሪያ ቤት ከመቀጠሯ በፊት ሳቢያን ሰፈር አንድ ፑል ቤት ውስጥ አራት ዓመት ሠርታለች። ከጠረጴዛው ጋር የመጣውን ለስላሳ ብሩሽ አነሣችና ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ፣ በስሱ ጠረገችው። ሰማያዊው ጠፋ።

"ውሃ ብቻ እንዳታስነካው፣ ፈሃድ" አለች። "ተጫዋቾቹም ጠመኔውን ከጠረጴዛው ፈንጠር ብለው ይቀቡት። ተጫውተው ሲጨርሱ እኔ በብሩሽ እጠርገዋለሁ። በቃ።"

ነገሩ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ነገር ግን በአንድ ደቂቃ የተፈታ ችግር፣ ችግር ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ለሪፖርትም አይመችም። አቶ ፈሃድ ዘርፈሽን አመሰገኑና "ጉዳዩ ግን ሙያዊ ጥናት ይፈልጋል" ሲሉ በማግስቱ የጨርቅ ንጽሕና አስጠባቂ ኮሚቴ አቋቋሙ። አምስት አባላት ያሉት ሲሆን ሊቀ መንበሩ እሳቸው ሆኑ። ዘርፈሽ በኮሚቴው አልተካተተችም፤ ብሩሽ መያዝ የምትችል ሰው በስብሰባ ጊዜዋን እንድታጠፋ አልተፈለገም።

ኮሚቴው ሦስት ሳምንት አጥንቶ ጨርቁን የሚያሰጉት ነገሮች አራት መሆናቸውን ደረሰበት፤ ጠመኔ፣ አቧራ፣ ላብና ተጫዋች። አራተኛው ሦስቱንም ተሸክሞ እንደሚመጣ በጥናቱ ተረጋገጠ።

በመጀመሪያ ጠመኔ በክበቡ ክፍል ውስጥ ተከለከለ። ተጫዋች ከእያንዳንዱ ምት በፊት እንጨቱን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል፤ እዚያ ይቀባል፤ ጫፉን እፍ ይላል፤ ፈርሞ ይመለሳል። አንድ ጨዋታ ከምሳ ሰዓት እስከ ሥራ መውጫ ይፈጅ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ይህንን ሲሰሙ ሠራተኛው ከቅጥር ግቢው ስለማይወጣ ደስ አላቸው።

ሆኖም በኮሪደሩ ጠመኔ የረገጠ ጫማ ወደ ክፍሉ ይዞት ሊገባ እንደሚችል ከኮሚቴው አባላት አንዱ አስተዋለ። ጠመኔ በመላው ሕንፃ ተከለከለ።

"ያለ ጠመኔ እኮ እንጨቱ ይንሸራተታል፣ አቦ" አለ ሰማታር።

"ይንሸራተት። እንጨት ተንሸራትቶበት የሞተ ሰው አልሰማሁም።"

"ሲንሸራተት ጨርቁን ይቀደዋል እኮ ነው የምልህ።"

አቶ ፈሃድ ይህን ሲሰሙ ክው አሉ። ሰማታርንም አቅፈው ስለ ጥቆማው አመሰገኑት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እንጨቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ንብረት ክፍል ተቆለፈባቸው።

ለሁለት ቀን ያህል ሠራተኛው ኳሶቹን በእጁ እያንከባለለ ተጫወተ። እጅ ግን ላብ አለው፤ ያውም የድሬዳዋ እጅ። ኳሶቹም ወደ ንብረት ክፍል ሄዱ። ከዚያ ማራገቢያው አቧራ ያስነሣል ተብሎ ጠፋ፤ መስኮቱ ተዘጋ። ጠረጴዛው መጀመሪያ ከአቶ ፈሃድ ቤት በመጣ አንሶላ ተሸፈነ። የካፊያ የሰርጓ አንሶላ ነበር፤ ስትጠይቃቸው "ለመንግሥት ሥራ ነው" አሏት። በላዩ የመጋረጃ ጨርቅ፣ በመጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ወፍራም ላስቲክ ተደረበ። በመጨረሻ በሩ ተቆለፈ፤ ቁልፉም አቶ ፈሃድ ኪስ ገባ።

የድሬ ሰው አንቱታ ብዙም አይሆንለትም። ልጅ አባቱን፣ ሠራተኛ አለቃውን አንተ ብሎ ተከባብሮ ይኖራል። ከኅዳር ወር ጀምሮ ግን አቶ ፈሃድ ጨርቁን አንቱ ብለው "ዛሬ እንዴት አደሩ?" ሲሉ ተሰምተዋል ይባላል። እኛ አልሰማንም፤ ቢሉም አይገርመንም።

ሥራው ፍሬ አፈራ። ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጡ ስድስት እንግዶች ለልምድ ልውውጥ ጫማቸውን አውልቀው ላስቲኩን ጎበኙ። አንደኛው በትሕትና እጁን አወጣ።

"ጨርቁን ማየት ይቻላል?"

"ከታየማ ብርሃን ያገኘዋል" አሉ አቶ ፈሃድ።

እንግዳው ይህንን በማስታወሻው ላይ ጻፈው። በዓመቱ አጋማሽ ግምገማ አቶ ፈሃድ የምስጋና ወረቀት ተቀበሉ። "ጠመኔ ከተከለከለ ወዲህ አንድም የጠመኔ ምልክት አልታየም" የሚለው ዓረፍተ ነገር በሪፖርቱ ላይ በደማቅ ቀለም ተጻፈ። እውነትም አልታየም።

ዘርፈሽ አንድ ቀን ቁልፉን ልትጠይቃቸው መጣች። "ክፍሉ ታፍኗል፣ ፈሃድ። ልክፈተውና ላናፍሰው፤ ጨርቁንም አንዴ ልጥረገው።"

"በር ሲከፈት አቧራ ይገባል።"

"አቧራው ሲገባ እጠርገዋለኋ።"

"ካልገባ መጥረግ አያስፈልግማ" አሉ፤ እንዲህ ያለውን ቀላል ነገር ለሴትዮዋ ማስረዳት ስላስፈለጋቸው እያዘኑ።

በሚያዝያ መጨረሻ ደግሞ ሰማታር መጣ። ሙቀቱ የከዚራን ውሻ ሁሉ ከዛፍ ሥር ያስተኛበት ቀትር ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ፈሃድ፣ አንድ ጨዋታ። አንተና እኔ ብቻ። ሁለት ወር ነው የቀረኝ።"

የአቶ ፈሃድ እጅ ሳያዙት ወደ ኪሳቸው ገብቶ ቁልፉን ነካ። ለአፍታ ያህል የቀፊራው ፑል ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሰማታር የያኔው ጎፈሬ፣ ኳስ ከኳስ ሲጋጭ የሚሰማው ድምፅ መጣባቸው። እንደ ማንኛውም ሰው ሊሳሳቱ አንድ ሐሙስ ቀርቷቸው ነበር።

"መመሪያው አይፈቅድም" አሉ።

"መመሪያውን ማነው የጻፈው?"

"ኮሚቴው።"

"ኮሚቴውን ማነው የሚመራው?"

"ሰማታር፣ ወደ ግል ጉዳይ አትግባ።"

ሰማታር ተነሣ። አልተቆጣም። ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲወጣ ባጃጅ ይዞ ቀፊራ እየሄደ ብቻውን ይለማመድ ጀመር፤ በግንቦት የመሥሪያ ቤቶች የፑል ውድድር ሲጀመርም ተመዘገበ። ስድሳ ዓመቱ ነው። አንድ በአንድ እየጣለ ለዋንጫ ደረሰ። የሚገጥመው ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ጦልሃ የሚባል ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን ነፍተው፣ የዋንጫው ጨዋታ "በከተማው ንጹሕ በሆነው ጨርቅ ላይ" እንዲካሄድ አዘጋጆቹን ጋበዙ። አቶ ፈሃድ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ተጫዋቾቹ ነጭ ጓንት እንዲያደርጉ፣ ካልሆነ ኳሶቹን ሳይነኩ እንዴት እንደሚመቱ በቃል እንዲያስረዱ፣ ይህም ካልተቻለ አሸናፊው በዕጣ እንዲለይ ሐሳብ አቀረቡ።

"ፈሃድ፣ እንግዳ ጠርቻለሁ" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "ደግሞም ሰው ጨርቁን ይይልህ እንጂ። የልፋትህ ውጤት አይደል?"

አቶ ፈሃድ በዚህ በኩል ነገሩን አስበውት አያውቁም ነበር። ቀስ በቀስ ደስ አላቸው።

ሰኔ ሃያ ሰባት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ለሰማታር የመጨረሻው የሥራ ቀን፣ ክፍሉ በሰው ጢም አለ። አቶ ፈሃድ ኮት ለብሰው መጡ። በሩን በራሳቸው እጅ ከፈቱ። ላስቲኩ ተገፈፈ፤ ሁለት ሰው አጠፈው። ብርድ ልብሱ ተነሣ። መጋረጃው ተነሣ። ለአንሶላው ሲደርሱ ዞር ብለው "ክቡራን እንግዶች፣ ስምንት ወር" አሉና ሳብ አደረጉት።

ከጠረጴዛው ላይ የብል መንጋ እንደ አመድ ብናኝ ቡን ብሎ ተነሣ።

ሱፍ የተቀላቀለበት ጨርቅ በጨለማ፣ በሙቀት፣ ሳይጠረግና ሳይናፈስ ስምንት ወር ሲቀመጥ ብል የሚያደርገውን አድርጎታል። አንዱ ጥግ ወንፊት ሆኗል። መሐሉ ላይ ከጨርቁ ሥር የተነጠፈው የጠረጴዛው ድንጋይ ወጥቶ ይታያል። ቀሪው በየቦታው በክር ተንጠልጥሏል። ሰማታር አንድ ጣቱን በቀስታ አሳረፈበት፤ ጣቱ ጨርቁን በስቶ ድንጋዩን ነካ። አልሳቀም።

ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብለው አዩት። "ዲዛይኑ ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

ዘርፈሽ ከበሩ አጠገብ ብሩሹን ይዛ ቆማ ነበር፤ ጨርቁን አየችና ብሩሹን መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

በመጨረሻ ጦልሃ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቀፊራ እኔ የማውቀው ቤት አለ። ጨርቁ ሁለት ቦታ ተጥፏል፤ ግን ይጫወቱበታል።"

"አውቀዋለሁ" አለ ሰማታር።

ሰው ሁሉ ተንጋግቶ ወጣ። እንግዶቹ ወጡ፣ ሥራ አስኪያጁ ወጡ፣ አራቱ የኮሚቴ አባላት አንገታቸውን ደፍተው ወጡና ደጅ ሲደርሱ ባጃጅ ለመያዝ ሮጡ። አቶ ፈሃድ አንሶላውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ሰማታር ከበሩ ተመለሰ።

"ና እንሂድ።"

"አልችልም። ቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት።"

"ቃለ ጉባኤው ሰኞም ይጻፋል። እኔ ግን ሰኞ የለሁም፣ ፈሃድ። ዋንጫው ካለቀ በኋላ ሁለታችን አንድ ጨዋታ። ወላሂ አንድ ብቻ።"

አቶ ፈሃድ ጓደኛቸውን አዩት። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተራመዱ። ከዚያ ጠረጴዛውን አዩ፤ ይህ ሁሉ ያለ ሰነድ ቢቀር ሰው ምን እንደሚል ታያቸው።

"እናንተ ቅደሙ" አሉ።

ሰማታር ጥቂት ጠበቃቸውና ሄደ። የባጃጁ ድምፅ ዛፍ ባጠላበት መንገድ እየራቀ እስኪጠፋ ድረስ አቶ ፈሃድ ያዳምጡ ነበር። ዓይናቸው ላይ የሆነ ነገር ሲቆረቁራቸው የብል ብናኝ ነው ብለው በአንሶላው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ጸሐፊዋን ኢልዋድን አስጠሩና ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጧት። እሷም መሄድ ፈልጋ ነበር፤ አልተጠየቀችም።

እየተየበች ሳለ ስልኳ ጮኸ። አነበበችውና ፈገግ አለች።

"ሰማታር አሸንፏል፣ ፈሃድ። ዋንጫውን ወስዷል። ሁሉም እዚያው ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁም እንጨት ይዟል።"

አቶ ፈሃድ አንሶላውን በጥንቃቄ አጠፉት።

"የት ደርሰን ነበር?" አሉ በመጨረሻ።

"'ጨርቁ ሲመረመር' የሚለው ላይ።"

"ጻፊ። ጨርቁ ሲመረመር መጠነኛ መሳሳት ቢታይበትም፣ በተረፈው ክፍል ላይ ግን አንድም የጠመኔ ምልክት አልተገኘም። ስለዚህ ጠመኔን የመከልከሉ ሥራ ውጤታማ ሆኖ ስለተገኘ ከዚህ የበለጠ ተጠናክሮ እንዲቀጥል ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።"

ኢልዋድ እጇን ከመተየቢያው አነሣችና ባዶውን ክፍል ዞር ብላ አየችው።

"የተገኙ አባላት ብዛት ስንት ልበል?"

"አንድ" አሉ አቶ ፈሃድ፤ ኮታቸውን እያስተካከሉ። "ተቃውሞ፣ የለም። ድምፀ ተአቅቦም የለም።"