ልጓሙ ላይ የተሰካ ፊውዝ

ጮክ ብሎ መናገር እውነት መናገር የሚመስለው ሰው በየዘመኑ አይጠፋም። ጣሊያን ግን ለዚህ አመሉ መሣሪያ ጭኖ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጣ።

መሣሪያው ድምፅ ማጉያ ነው። እኔ ደግሞ አስተርጓሚ ነበርኩ፤ ብትፈርዱብኝም ለምጄዋለሁ። በገበያ ቀን እንዳነብ የተሰጠኝ አዋጅ፣ ጫካ የገባ ዘመዱን እጁን እንዲሰጥ ያላደረገ ሰው ቤቱ ይቃጠላል ይላል። አጎቴ ጫካ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ ሮብ ገበያ በምትባለው መንደር ይኖራሉ። ባነበው ቤታቸውን በገዛ አፌ ማቃጠሌ ነው፤ ባላነበው የመስቀያው ገመድ ለእኔ ነው።

ፀጉሩን በቅባት የሚያስተኛው ጣሊያናዊ መካኒክ የማጉያውን ሆድ ከፍቶ አስተማረኝ። ቫልቮላ የሚባሉት የመስታወት ብልቃጦች ብዙ ኃይል ይጎርሳሉ፤ እንዳይፈነጩ አንዲት ቀጭን የኔጋቲቭ መስመር ትይዛቸዋለች። የፈረስ ልጓም በሏት። ታዲያ ይህ ሊቅ፣ ኃይል ሲበዛ ተቃጥሎ መስመር የሚቆርጠውን ፊውዝ የት ሰካው? ልጓሙ ላይ! ዋናው ኃይል በሚገባበትማ ፊውዝ እየተቃጠለ ቢያስቸግረው ወፍራም የመዳብ ሽቦ አስሮበታል። አደጋ ሲመጣ ልጓሙ ይበጠሳል፣ ቀለቡ ግን አይቋረጥም ማለት ነው። ደምበጫ ላይ ፈረስ የገራ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር?

አዋጁን እንዳነብ ያዘዘኝ ጣሊያናዊ ሻለቃ ደግሞ በዚህ አገር ነጋሪት ያልተጎሰመለት አዋጅ እንዳልታወጀ ይቆጠራል ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ ነጋሪቱን አስመጥቶ ማይክሮፎኑ አፍ ላይ አስደገፈው። ጎሳሚው «ትንሽ ራቅ ልበል ወይ?» ብለው በእኔ በኩል ቢጠይቁ፣ ዝም በሉ ተባልን።

ነጋሪቱ ተጎሰመ። በድምፁ ብርታት ፊውዙ ተበጠሰ፤ ቫልቮላዎቹም ልጓም ጥለው ፍም መሰሉ፤ ኃይል የሚያቀብላቸው ትራንስፎርመር ጨሰ፤ ሣጥኑ ነደደ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ደስታዬ ግን አልቆየም። ሻለቃው ሽጉጡን ጨብጦ ማን እንዳበላሸው ጠየቀ፤ ከመሣሪያው አጠገብ የቆምኩት እኔ ነኝ። መካኒኩ «ጥፋቱ የራሴ ነው» ይል ይሆን? ምን ሲደረግ! ወደ ነጋሪቱ ጠቆመና ቆዳው መንግሥትን ለመጉዳት ሆን ተብሎ የተወጠረ ነው አለ። ሻለቃው አሰበ፤ ይባስ ብሎም አመነ። ነጋሪቱ በወታደር ታጅቦ እስር ቤት ገባ።

በሚቀጥለው ገበያ አዋጁን ያለ ማጉያ እንዳነብ ታዘዝኩ። ወረቀቱን ስዘረጋ ከሲናን የመጡ አንድ ሽማግሌ ነጋሪቱ የት እንዳለ ጠየቁኝ። መታሰሩን ነገርኳቸው።

«እንግዲያውስ ሲፈታ መጥተን እንሰማዋለን» ብለው አህያቸውን ነዱ፤ ገበያተኛውም ተከተላቸው።