የሰይድ ሚዶ

እናንተ ሰፈር የወደቀ ቁርጥራጭ አንስቶ የሚመሰገን ሰው አለ? ካለ አዝንላችኋለሁ። በእኛ ቆቦ ሰይድ አለ።

አናጢዎች ለቀበሌው አዳራሽ ወንበር ሲሠሩ ስስ የወይራ ቁርጥራጭ በግቢው ተከመረ። ሁላችንም ማገዶ አየን። ሰይድ ግን ለመሠረተ ትምህርት መምህራን መጠቆሚያ፣ ለእናቱ ማማሰያ፣ ለጎረምሳው ሁሉ ጎፈሬው ላይ የሚሰካው ሚዶ አወጣበት። ይህ አላስቀናኝም። ያስቀናኝ፣ በልቤ የማስባት ጎረቤታችን ጦይባ አንዱን ሚዶ አገላብጣ «እጁ ይባረክ» ማለቷ ነው።

እኔም አንድ ቁራጭ አንስቼ ሦስት ቀን ሞረድሁ። የተማርሁ ነኝና ጥርሶቹን በማስመሪያ ለካሁ። በገበያ ቀን ወስጄ ሰጠኋት።

«እስቲ መጀመሪያ በራስህ ጎፈሬ እንየው» አለችኝ።

ሰካሁት። ስስበው እጄ ላይ የቀረው እጀታው ብቻ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ሚዶ ነው የሠራኸው ወይስ እሾህ?» አለችና ማንን ብትጠራ ጥሩ ነው? ሰይድን።

ሰይድ በገበያተኛው ፊት ጥርሶቹን ከራሴ ላይ አንድ በአንድ ለቀመ። «የሚዶ ጥርስ በእንጨቱ ርዝመት ነው የሚወጣው፣ ወንድሜ። በአግድሙ ከቆረጥኸው ይሰበራል» አለኝ በቀስታ። ቢስቅብኝ ኖሮ እሱን የምጠላበት ምክንያት አገኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከዚያው ወይራ ማስመሪያ ሠርቶ ሸኘኝ። ጦይባ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ እሱን እንጂ እኔን አታይም። ይህን የምጽፈው በዚያ ማስመሪያ ባሰመርሁት ወረቀት ላይ ነው። ጠማማ ቦታ ፍለጋ ማስመሪያውን ስንቴ ወደ ብርሃን አዙሬ አይቼዋለሁ፤ የለውም።