ለሸለምጥማጥ የጠበበ፣ ለዓይን የሰፋ

«ይኼማ እጄን እስከ ክርኔ ያሳልፋል!» አለች እህቴ የሻረግ፣ ክንዷን በሽቦው ቀዳዳ ሰድዳ ለባለ ሱቁ እያሳየችው።

«ዶሮ ልትጠብቂ ነው ወይስ የወባ ትንኝ ልትከለክዪ?»

«ሸለምጥማጥ ነው። ራሱ ካለፈ ገላው እንደ ውሃ ይፈስሳል።»

ባለ ሱቁ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ጣሪያው። የደብረ ታቦርን የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች አዳርሰን እዚህ የደረስነው አንዱ ሽቦ ሰፍቶ፣ አንዱ ሳስቶ፣ አንዱ ደግሞ ገና ሳይተከል ዝጎ ነው። አጥር የሌለው ሰው ሌባን በጥቅሉ ይፈራል። አጥር ሊገዛ የወጣ ሰው ግን እያንዳንዱን ቀዳዳ ለየብቻ ይፈራል።

በየሻረግ አትፍረዱባት። ቤሩት የሰው ቤት ስታጸዳ ያሳለፈቻቸው ዓመታት ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ጥሬ ይለቅማሉ። ያላት ሁሉ ዶሮ ሆኗል። «እነዚህ ካለቁብኝ ተመልሼ እሄዳለሁ» ብላኛለች፤ ስትናገር ደግሞ አልሳቀችም።

ድሮ በእኛ ቤት ዶሮና ሰው አብረው ያድሩ ነበር፤ እነሱ ቆጥ ላይ፣ እኛ መደብ ላይ። «ያ ዘመን አለፈ፤ ዶሮ አየር ይፈልጋል፤ ለብቻው ቤት፣ ለብቻው ሽቦ» ያልኩት እኔ ነኝ። ከተማ የከረመ ሰው ምክር አያልቅበትም።

በመጨረሻ ጣት የማያሳልፈውን ገዛን፤ ወጠርን፤ በሚስማር መታን። የሻረግ ዙሪያውን በመዳፏ እየዳበሰች ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋግታ ስታዛጋ አየኋት።

ማዛጋቷ አልቆየም። ሽቦ ሸለምጥማጥን ይከለክላል እንጂ ዓይን አይከለክልም። ጎረቤታችን እትዬ ውድነሽ ብቅ አሉና ሽቦው ላይ ተደግፈው፣ «ውይ! እንዴት እንዴት ያምራሉ!» ብለው ሄዱ። እንዲያው ሄዱ። «ማርያም ትጠብቃቸው» የለ፣ «ትፍ ትፍ» የለ። የሻረግ አመድ መሰለች።

«ረስተውት ነው» አልኳት።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችኝ።

ትስቁ ይሆናል። እኔም ስቄያለሁ፤ ጆንያውን ግን በዚያ ውድ ሽቦ ላይ ዙሪያውን የመታሁት እኔው ነኝ። ለጠየቀን ሁሉ «የጉና ብርድ እንዳይገድላቸው ነው» አልን። እትዬ ውድነሽም ሰምተው፣ «ደግ አደረጋችሁ፣ ዘንድሮ ብርዱ ብሷል» አሉን። የሻረግ መሬት መሬት አየች።

ከዚያ ወዲህ ዶሮዎቹን ያየ የለም። ከጆንያው ጀርባ የሚሆነውንም ያየ የለም።

አንድ ጠዋት የዶሮ ቤቱን በር ስንከፍት ላባ ብቻ ተቀበለን። በሕይወት የተረፉት ጥግ ላይ ተደራርበው ድምፅ አያሰሙም። ጆንያውን ቦጭቄ ጣልኩት። ሽቦው ደህና ነው፤ አንድም ቦታ አልተበጠሰም። ሸለምጥማጡ ሽቦውን አልነካውም፤ በጆንያውና በሽቦው መሃል ተከልሎ፣ አፈሩን ሲምስ ሰንብቶ፣ በታች ገብቷል። እኔም ድንጋይ አምጥቼ ጉድጓዱን መጠቅጠቅ ጀመርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ጆንያው ነው ጉድ የሠራን» አልኩ።

«ዓይናቸው ነው» አለች።

ወደ ቤት ገብታ ከአልጋዋ ሥር ትልቁን ሻንጣዋን ጎትታ አወጣች። በረንዳው ላይ አስቀምጣ አቧራውን በጨርቅ ትጠርግ ጀመር። ምን ይባላል? እኔ ስለ ሽቦ ነው የማውቀው፤ እሱንም እንዳያችሁት ነው።

የግቢው በር ተንኳኳ። እትዬ ውድነሽ ናቸው። ነጠላቸው ሥር አንዳች ነገር ይንቀሳቀሳል። ሻንጣውን አዩ፤ እንዳላዩ ሆኑ። ነጠላቸውን ገለጥ ሲያደርጉ አንዲት ገብስማ ዶሮ አንገቷን አወጣች።

«እንቁላል ልትጥል የደረሰች ናት። ዘር ትሁንሽ ልጄ። ማርያም ታብዛልሽ።»

በዚህ ጊዜ ግን አልረሱም።

የሻረግ ጨርቁን ጣለች። ዶሮዋን በሁለት እጇ፣ ከወገቧ ዝቅ ብላ ተቀበለች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለች።

«ወደ ሽቦው ላስገባት?» አልኩ፣ እጄን ዘርግቼ።

ዶሮዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ሻንጣውን ተራመደችውና ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። እትዬ ውድነሽ፣ ሻንጣውና እኔ በረንዳው ላይ ቀረን።

በሩ ተዘጋ።