ሽማግሌዎቹ በረድፍ ሲወርዱ

ትናንት እሑድ፣ ሰው ከቅዳሴ ተመልሶ ቁርሱን በሚበላበት ሰዓት፣ ሶፋ ላይ እንደተቀመጥኩ ሕልም አየሁ። የቀን ሕልም አይፈታም ይላሉ። እኔም እንዲፈታልኝ ብዬ አይደለም የማወራው።

መጀመሪያ ግን በዚያ ሰዓት ሶፋ ላይ ምን እሠራ እንደነበር ልናገር። ሽማግሌ እየጠበቅኩ ነበር። ባለቤቴ ወይንሸት ሻንጣዋን በር ሥር አቁማ፣ "ዛሬ ሽማግሌዎቹ ፊት አንድ ነገር ካልተባለ እኔ እህቴ ጋ ደብረ ብርሃን ነኝ" ብላለች። ጥፋቴ መጠጥ አይደለም። ሌላ ሴትም አይደለም። ስልኬ ላይ ያለች ጌም ናት።

የድሮ ጌም ናት፤ በልጅነታችን ጌም ቤት አግዳሚ ላይ ተደርድረን፣ "የተሸነፈ ይነሳል!" እየተባባልን የምንጫወታት ዓይነት። ከላይ ጭራቆች በረድፍ በረድፍ ሆነው ይወርዳሉ። ከታች አንዲት ትንሽ መርከብ ግራ ቀኝ እያለች ትተኩሳለች። በቃ። ታሪክ የላት፣ ማብራሪያ የላት፤ ጣት ካለህ ትችላለህ። የምትጥመውም ለዚሁ ነው። ከመፍጠኗ የተነሳ ስለ ምንም ነገር ለማሰብ ጊዜ አትሰጥህም። ስለ አለቃህ አታስብም፣ ስለሚያፈሰው ቧንቧ አታስብም። ለመጣው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ ተኩስ። ክፋቷ ደግሞ አታልቅም። አንዱን ረድፍ ስትጨርስ ሌላው ይመጣል፣ ያውም ፈጥኖ። ማሸነፍ የሚባል ነገር የለም፤ ቆይቶ መሸነፍ ብቻ ነው። የአውራ ጣቴ ቆዳ ደድሯል። ዓይኔን ስጨፍን ረድፉ ይወርዳል።

ባለፈው ሰሞን ወይንሸት አጠገቤ ቆማ "ደምሴ፣ እኔ ልሄድ ነው" ብትለኝ፣ ቀና ሳልል "እሺ፣ ስትመለሺ ዳቦ ያዢ" አልኳት አሉ። እኔ አላስታውስም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ መሰለኝ።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ አንድ ዙር ብቻ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ሕልሙ የት ላይ እንደጀመረ አላውቅም። በሩ ተንኳኳ።

ስከፍት፣ ከእኛ ፎቅ እስከ ግቢው በር ድረስ የወረዳ ሠራተኞች ደረጃው ላይ ተሰልፈዋል። ሁሉም ማኅተማቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ከፊት ያለው ክራባት ያሰረ ሰውዬ ላቡን እየጠረገ እጅ ነሳኝ።

"ጌታዬ፣ ጎሕ ሳይቀድ ነው የተሰለፍነው። እባክዎ ዛሬ ያስተናግዱን።"

"ዛሬ ሲስተም የለም" አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ሰልፉ እስከ ታች ድረስ አቃሰተ። አንዲት ሴትዮ ማኅተሟን እያሻሸች ማልቀስ ጀመረች።

"ነገ ተመለሱ አይበሉን" አለ ባለ ክራባቱ። "ሦስት ሕይወት አምጥተንልዎታል።"

ትሪ አቀረበልኝ። ትሪው ላይ ሦስት ሕይወቶች ተደርድረዋል፤ ገና ከእንቁላል እንደወጡ ጫጩቶች እርጥብና ሙቅ ነበሩ።

"አንድ አለኝ እኮ" አልኩት።

"እሷ አትቆጠርም።"

"ለምን?"

"ስታልቅ መልሳ አትነሳማ።" በትሕትና ነው የተናገረው። ሦስቱን ኪሴ ከትቶልኝ ሄደ። ኪሴ ውስጥ ሲተነፍሱ ይሰማኝ ነበር።

በሩን ዘግቼ ስዞር ቤት የለም። ግቢው መሐል ቆሜአለሁ። ሰማዩ ጠቁሯል። ፀሐይዋ እዚያው ቦታዋ ላይ ነበረች፤ ብቻ አታበራም። ከየኮንዶሚኒየሙ የሚሰማው የእሑድ ጫጫታ፣ የሙዚቃው፣ የልጆቹ፣ የበርበሬ ወፍጮው፣ ሁሉም ጠፍቷል። የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው። ዱም። ቆይቶ ደግሞ ዱም።

ወደ ፊት ልራመድ ብል እግሬ ነገሩ አልገባውም። ወደ ኋላም አልገባውም። ግራ ስለው ይሄዳል፣ ቀኝ ስለው ይሄዳል። አውራ ጣቴ ዳቦ አክሎ አብጧል፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው።

ፊት ለፊቴ የቤታችን ዕቃ እንደ ምሽግ ተደርድሯል። በግራ አልጋችን፣ መሐል ሶፋው፣ በቀኝ የሠርጋችን ጊዜ የተሰጠን ባለ መስታወቱ ቡፌ። ቡፌው ሥር ወይንሸት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

"አንቺ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት።

"ተከልዬ ነዋ። አንተስ?"

"እየጠበቅኩሽ።"

"አይ ደምሴ" አለችና አንዲት ጠጠር አንስታ ወረወረች።

ያን ጊዜ ከላይ መጡ። ጭራቆች አልነበሩም። ሽማግሌዎች ነበሩ። ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሰማዩን ሞልተው በረድፍ በረድፍ ቆመዋል። ሁሉም እኩል ወደ ቀኝ ይራመዳሉ። ጥጉ ላይ ሲደርሱ ሁሉም አንድ ደረጃ ይወርዱና ወደ ግራ ይዞራሉ። ዱም የሚለው ምርኩዛቸው ነበር። መሬት በሌለበት ምን እንደሚመታ አልገባኝም።

ቀረብ ሲሉ አየኋቸው፤ ሁሉም ፊታቸው የጋሽ ተካልኝ ፊት ነው። ጋሽ ተካልኝ የወይንሸት አጎት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ የዚያን ቀኑ ሽምግልና መሪ።

"እንደምን አረፈድክ ልጄ?" አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ ስል ጣቴ ተጫነ።

ከታችኛው ረድፍ አንዱ ተመቱ። አልወደቁም። እንደ ፈንዲሻ ፈክተው፣ "ተባረክ" አሉና ጠፉ። የቆሙበት ቦታ ክፍት ቀረ፤ በክፍቱ የሚታየው ጥቁር ከሌላው ጥቁር ይጠቁራል። ሰማዩ ጥግ ላይ ምርቃቴ አንድ ብሎ ተቆጠረ።

ደንግጬ ጣቴን ለማንሳት እየታገልኩ ሳለ ከላይ ክርክር ተነሳ።

"ቀጥሎ እርስዎ ይለፉ።"

"ኧረ በፍጹም! እርስዎ እያሉ?"

"በሞቴ ይቅደሙ!"

"ኧረ እኔ ልሙት!"

እንዲህ ሲገባበዙ ሁለቱንም መታኋቸው። "ተባረክ"፣ "እደግ"። ምርቃቱ ቆጠረ።

ውሸት ምን ያደርጋል፣ ጣመኝ። በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ፣ ከመሐል አንድ። አንድ ሽማግሌ ቆሞ ቢመክርህ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እኔን ግን የአገር ሽማግሌ ምክሩን ሳይጀምር እየመረቀኝ ይሄዳል። ከዚህ ወዲያ ምን አለ? ላቤ ይንቆረቆራል፣ ጣቴ ይግላል፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ግን አንዲትም ሐሳብ የለችም። እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም።

ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በላይ አንድ የከተማ አውቶቡስ ሰማዩን ማቋረጥ ጀመረ። መብራቱ በርቷል። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ መሪ ይዘው ይነዳሉ፤ ሹፌሩ ብቻ ከኋላ ቲኬቱን ይዞ ቆሟል። ልብ ብዬ ሳይ ተሳፋሪዎቹ ጭራቆቹ ናቸው። እነዚያው የስልኬ ጭራቆች። ጎመን በፌስታል የያዘች አለች፣ እንቅልፍ ያንገላጀጀው አለ። ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነበር። አንዲት ግልገል ጭራቅ አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋ እጇን አወዛወዘችልኝ።

"እነሱን ተዋቸው" አለች ወይንሸት ከምስሯ ሳትነሳ። "ዛሬ እሑድ ነው።"

"ብዙ ነጥብ አለው" አልኳት።

ተኮስኩ። አውቶቡሱ መብራቱ ጠፋ። ድምፅ አልነበረም። ምርቃቱም አልጨመረም። እጇን ስታወዛውዝ የነበረችበት መስኮት ብቻ ለጥቂት ጊዜ ባዶ ሰማይ ላይ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ይቺ ጌም እንደዚያ ናት፤ ጥቂት በቀሩ ቁጥር የቀሩት ይፈጥናሉ። ሽማግሌዎቹ መራመድ ትተው ሶምሶማ ያዙ፣ ሶምሶማውን ትተው ሮጡ። ጋቢያቸው ወደ ኋላ ተዘርግቶ ይንቀጠቀጣል። ዱም ዱም ዱም ዱም። የምርኩዙ ድምፅ የቱ፣ የደረቴ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ።

ወይንሸት ትናገራለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ ጥግ አየዋለሁ።

"እሺ" አልኳት።

ደግማ ተናገረች።

"እሺ አልኩሽ እኮ።"

ምስሩ ከሰፌዱ ላይ ይፈስሳል።

"ደምሴ፣ ቡፌውን እየው" የሚለው ብቻ ገባኝ።

አየሁት። ቡፌው እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ሶፋው ግማሹ የለም። አልጋችን በእኔ በኩል ደህና ነው፣ በእሷ በኩል ግን ተበልቶ አልቋል።

"እዪያቸው! እነሱ ናቸው!" ብዬ ጮህኩ።

"እነሱማ ምርኩዝ ነው የያዙት።"

እውነቷን ነው። ማንም አልተኮሰብኝም። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ከታች ወደ ላይ የተበሱ ናቸው። የሠርጋችን ብርጭቆዎች እንደተደረደሩ መሐል ለመሐል ተበስተዋል፣ ቀዳዳው የአውራ ጣቴን ያህል ነው። ከኋላ ሆኜ ስተኩስ የነበረው በገዛ ዕቃዬ ውስጥ ነው።

"ዞር በይ፣ እንዳልመታሽ!" አልኳት።

"ልዞርልህ ነው።"

ተነሳች። ቀሚሷ ላይ የቀረውን ምስር አራገፈች፣ ሻንጣዋን ያዘች፣ ከዚያ ወደ ፊት ሄደች። ወደ ግራ አይደለም፣ ወደ ቀኝ አይደለም። ወደ ፊት። እንደዚያ የሚኬድ መንገድ መኖሩን ረስቼው ነበር። ልከተላት ብል እግሬ ግራ ወሰደኝ። ደግሜ ብሞክር ቀኝ ወሰደኝ። እሷ ጥቁሩ ውስጥ እያነሰች ሄደች፣ የሻንጣዋ ጎማ ብቻ ይሰማል።

ከላይ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርተዋል። አሁን እውነተኛው ጋሽ ተካልኝ ናቸው፣ አወቅኳቸው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እንደ ወፍ እየበረሩ ይወርዳሉ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልመክርህ ነው" ይላሉ። ቃላቸው በግራ ጆሮዬ ይጀምርና በቀኝ ጆሮዬ ያልቃል።

"ይምከሩኝ ጋሼ! ይቁሙና ይምከሩኝ!" አልኩ። አፌ ይህን ሲል ጣቴ ይተኩሳል። በሌላው እጄ ይዤ ላስቆመው ሞከርኩ፤ ሁለተኛው አውራ ጣቴም ተኮሰ።

ባለ ክራባቱ ሠራተኛ ትሪውን ይዞ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ኪሴን ዳሰሰልኝ።

"ጌታዬ፣ ሦስቱም አልቀዋል። ያቺን የማትቆጠረዋን እንውሰድ?"

"ሚስቴን ጥራልኝ! ሩቅ አልሄደችም!"

"ዛሬ ሲስተም የለም" አለኝ፣ በጣም አዝኖ።

ጋሽ ተካልኝ ጋቢያቸውን ዘርግተው ፊቴ ላይ ሲደርሱ ምርኩዛቸው ግንባሬን ነካኝ። ቀዝቃዛ ነበር።

ነቃሁ።

ሳሎኑ በፀሐይ ተሞልቷል። ሶፋው ሙሉ ነው፣ ቡፌው ደህና ነው፣ ብርጭቆዎቹ ያበራሉ። "ተመስገን" አልኩ። አውራ ጣቴ የሶፋውን ክንድ ይጫን ነበር፤ አስቆምኩት። ዱም ዱም የሚለው ግን አልቆመም።

ፊት ለፊቴ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንደለበሱ አንድ መቀመጫ ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። መሐል ጋሽ ተካልኝ፣ በቀኛቸው የንስሐ አባታችን መምሬ ላቀው፣ በግራቸው የእድራችን ሊቀ መንበር። ስልኬ ጋሽ ተካልኝ እጅ ላይ ነው።

"ግራ! ግራ ይያዙ እንጂ!" አሉ ሊቀ መንበሩ።

"ሹፌሩ እኔ ነኝ፣ ዝም በል!"

"ተካልኝ፣ አሁን ተሸንፈሃል፤ የተሸነፈ ይነሳል አልተባባልንም?" አሉ መምሬ ላቀው እጃቸውን ዘርግተው።

"አንድ ሕይወት ቀርቶኛል መምሬ፣ ይታገሡ!"

መንቃቴን ያዩት መምሬ ብቻ ናቸው። አፈር አሉ። "ተኝተህ አገኘንህ ልጄ። እንግዲህ ጥፋቱን በዓይናችን ሳናይ እንዴት እንፈርዳለን ብለን ነው" አሉና ዓይናቸውን ወደ ስልኩ መለሱ።

በር ሥር ሻንጣው የለም። በሩ ገርበብ ብሏል።

"ጋሼ፣ ወይንሸትስ?" አልኩ።

"እ?"

"ወይንሸት! ወይንሸት የት ሄደች?"

"አዎ፣ ቅድም እዚህ ቆማ አንድ ነገር ስትለን ነበር።"

"ምን አለቻችሁ?"

ጋሽ ተካልኝ ቀና አላሉም። አውራ ጣታቸው ይሮጣል።

"እኔ እንጃ" አሉ። "እሺ ብለናታል።"