ባለ አሥር ስንዝሩ የጦር አውሬ

ክቡራትና ክቡራን አንባቢያን፣ ይህን ታላቅ ታሪክ ለመጻፍ በመብቃቴ የተሰማኝን ደስታ በራሴና በመሥሪያ ቤታችን ስም እገልጻለሁ። መሥሪያ ቤታችን ማን እንደሆነ አልናገርም። ደብረ ታቦር ውስጥ በሩን አረንጓዴ የቀባ መሥሪያ ቤት ሁሉ «እኛን ነው» ብሎ እንዲቆጣኝ አልፈልግም። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰው የተናገረውን ትቼ ሊናገር ይገባው የነበረውን ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ስለዚህ እመኑኝ።

ነገሩ የፀሐይ ነገር ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ የእኛና ወይዘሮ ፈንታነሽ የሚመሩት። ክፍሎቹ ሁሉ ለፀሐይ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የተሠሩት፤ መሐንዲሱ መቼም የቆላ ሰው ነበር። የጉና ተራራ ነፋስ ሲነሣ እስክሪብቶው አልጽፍ ይላል። የጠዋት ፀሐይ የሚገባው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱም መዝገብ ቤቱ ነው። እዚያ የምትሠራው ስርጉት ናት። ቁርጥማት ጉልበቷን ይዟት ሐኪሙ «ከፀሐይ አትለዪ» ብሏታል። ጠዋት ጠዋት እግሯን ወደ መስኮቱ ዘርግታ መዝገብ ስታገላብጥ የሚያያት ሁሉ በቅናት ያርራል።

የወይዘሮ ፈንታነሽ ሰዎች ክፍሉን ይፈልጉታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ተጻጻፍን። የበላይ አካል በመጨረሻ «በመካከላችሁ ተግባብታችሁ ፍቱት» ሲል መለሰ። ያን ጊዜ ነው የእኛ ኃላፊ አቶ ዳኛቸው በጋራ ስብሰባው ላይ ብድግ ብለው «በጨዋታው ይለይ!» ያሉት።

ጨዋታው የስርጉት ነው። ቤቷን ተከራይቶ የኖረ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሲዛወር ትቶላት ሄደ። ጠረጴዛ ላይ ጣት የሚያካክሉ የሸክላ ወታደሮች ይሰለፋሉ፤ እግረኛ አለ፣ ፈረሰኛ አለ፣ እግዚአብሔር ያልፈጠረው ክንፋም ዝሆን አለ። ዳይስ እየተጣለ ይዋጋሉ። እስከ ስድስተኛው ተራ ድረስ መሐል ያለው አምባ ውስጥ ብዙ ወታደር ያስገባ ያሸንፋል። በምሳ ሰዓት የሁለቱም መሥሪያ ቤት ሰው ይጫወተዋል። በዚህ ግቢ በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ የሚያልቅ ሥራ እሱ ብቻ ነው።

አቶ ዳኛቸው ጨዋታውን አንድም ቀን ተጫውተው አያውቁም። አለማወቅ ግን በየትኛውም ሥራ ላይ አግዷቸው አያውቅም። አጨበጨብን።

ስርጉት ብቻ አላጨበጨበችም። «ኧረ በሞቴ፣ የሚቆምሩት በኔ ጉልበት እኮ ነው!» አለችኝ በጆሮዬ።

«ተጨብጭቦበታል፤ አለቀ» አልኳት። ምን ልበላት?

በማግስቱ የሠራዊት አደረጃጀት ዐቢይ ጉባኤ ተጠራ። ስርጉት ደንቡን አነበበች፦ እያንዳንዱ ወገን አንድ ሺህ ነጥብ አለው፤ እግረኛ አሥር ነጥብ፣ ፈረሰኛ ሠላሳ፣ የጦር አውሬ ደግሞ በቁመቱ ልክ በየስንዝሩ መቶ መቶ።

«ቆይ ቆይ» አሉ አቶ ዳኛቸው። «እግረኛው ስንት ነው ያልሽው?»

«አሥር።»

«ከአንድ ሺህ?»

«አዎ።»

«ከሺህ አሥር ያመጣ ወታደር እስካሁን ለምን አልተባረረም?»

«ነጥቡን እሱ አይደለም የሚያመጣው፤ እኛ ነን የምናወጣለት።»

«አውሬው አሥር ስንዝር ቢሆንስ?»

«ያው ሺህ ይሞላል፣ ግን...»

«ሞላ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። «ሰማችሁ? ሺህ ከሺህ! በዚህ ዞን ሙሉ ነጥብ ያመጣ ማን አለ?»

እንግዲህ ፍረዱ። ሃያ ሦስት ዓመት በሥራ አፈጻጸም ምዘና የኖረ ሰው ነጥብ ሲሞላ ነው የሚያውቀው፤ ነጥብ ይከፈላል ቢሉት ከየት አምጥቶ ይረዳዋል? እኔ ራሴ ያኔ በጣም ነው ያጨበጨብኩት።

«አቶ ዳኛቸው፣» አለች ስርጉት፣ «አሥር ስንዝር ካደረጉት ሌላ አንድም ወታደር አይኖረንም። አምባው ውስጥ የሚገባ ሰው ያስፈልገናል። አውሬ አምባ አይገባም፤ ደንቡ ነው።»

«አየሽ ስርጉት፣ ያንቺ ችግር ሐሳብሽ ጣት ያህል መሆኑ ነው። ራዕይ ይኑርሽ!»

ራዕይ እንዲኖራት በቃለ ጉባኤ ያዝን።

ግድግዳ መራጊው አያ ይሻው ተጠሩ። የግቢውን ግድግዳ ሁሉ የመረጉት እሳቸው ናቸው። የባሕር ዛፍ እንጨትና ሦስት ጆንያ ገለባ ይዘው ከች አሉ።

«ምንድን ነው የምሠራላችሁ?»

«የጦር አውሬ» አሉ አቶ ዳኛቸው።

«ራሱ የምን ይሁን?»

«የአንበሳ።»

«ገላውስ?»

«የዝሆን።»

«ዝሆን እንኳ አላየሁም፣ ጌታው።»

«እኔስ የት አየሁት? ብቻ ትልቅ ያድርጉት!»

ጭቃው የሚደርቀው ፀሐይ ባለበት ነው፤ ፀሐይ ያለው መዝገብ ቤቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ የስርጉት ጠረጴዛና መደርደሪያ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እሷ ጋቢ ተከናንባ ብርድ ላይ ስትቀመጥ ጭቃው በእሷ ፀሐይ ይሞቅ ጀመር። አያ ይሻው ሆዱን እየመረጉ «ከደረቀ በዚህ በር አይወጣም፤ ኋላ እንዳትሉኝ» ብለው አስጠነቀቁ።

«ለምን ብሎ ይወጣል?» አሉ አቶ ዳኛቸው። «ጦርነቱ ወደ እሱ ይመጣል!»

በሦስተኛው ሳምንት ጦርነቱ መጣ። አውሬው ቆሟል፤ ራሱ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ሆዱ ክፍሉን ሞልቶታል። የአንበሳ ፊቱ አያ ይሻው ሳያስቡት አቶ ዳኛቸውን መስሎ ነበር፤ ማንም ደፍሮ አልተናገረም። የጨዋታ ጠረጴዛው ሊሸከመው ስላልቻለ ደረቱ ሥር ተጠግቶ ከፍ ተደርጎ የተሠራው የቀኝ የፊት እግሩ ብቻ ጠረጴዛው ላይ እንዲያርፍ ተደረገ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ መነጽራቸውን አደረጉ። «ይህ አውሬ ጦርነቱ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ ነው?»

«በአንድ እግሩ ገብቷል» አሉ አቶ ዳኛቸው። «እኛስ ስብሰባ የምንገባው እንዴት ሆነና ነው?»

ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ ከሹራባቸው ኪስ መቶ እግረኛ አውጥተው አንድ በአንድ አሰለፉ። ዳኛዋ ስርጉት ነበረች፤ ጨዋታውን ሌላ የሚያውቅ የለማ! ክፍሏን የሚያስወስድባትን ጦርነት እሷው ትዳኝ ተባለች።

«ተራው የእርስዎ ነው፤ ያንቀሳቅሱት» አለች።

አያ ይሻውና ሁለት ጥበቃዎች ተደግፈው ገፉት። አውሬው ንቅንቅ አላለም፤ የአያ ይሻው ወገብ ግን ተንቀሳቀሰ።

«ይለፈኝ» አሉ አቶ ዳኛቸው በኩራት።

ስድስቱንም ተራ «ይለፈኝ» እያሉ አሳለፉት። የፈንታነሽ እግረኞች የአውሬውን ጥፍር በግራም በቀኝም እየዞሩ ወደ አምባው ገቡ። መጨረሻ ላይ ቦታ ጠቧቸው አንዱ ባንዱ ላይ ተደራረበ።

«መቶ ለባዶ» ብላ ስርጉት አወጀች፤ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ።

አቶ ዳኛቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት ሞተብን?»

«ኧረ የሚሞት ማን አለን?»

«ስለዚህ ጻፍ! መሥሪያ ቤታችን ያለ አንዳች የሕይወት መጥፋት ውጊያውን አጠናቀቀ።» ጻፍኩ። ደግሞም እውነት ነው።

በማግስቱ ወይዘሮ ፈንታነሽ ጠረጴዛቸውን አሸክመው ክፍሉን ሊረከቡ መጡ። በሩ ተከፈተ። ከአውሬው ሆድ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

«አፍርሱልኝ!» አሉ።

«በጦርነት ያልወደቀ አውሬ በሰላም ጊዜ እንዴት ይፈርሳል?» አሉ አቶ ዳኛቸው ቅር ብሏቸው።

ጉዳዩ ለበላይ አካል ተጻፈ። «አጣሪ ቡድን እስኪመጣ ባለበት ይቆይ» የሚል መልስ መጣ። እንዲህ ሆኖ ያሸነፈውም የተሸነፈውም በብርድ ሲንዘፈዘፍ አውሬው ብቻውን ወር ሙሉ ፀሐይ ሞቀ። የስርጉት ጉልበት አበጠ፤ በከዘራ መሄድ ጀመረች። ሳያት አፈርኩ። ያም ሆኖ አንዲት ቃል አልተናገርኩላትም፤ ማፈሩ ራሱ ሥራ የሠራሁ አስመስሎኝ ነበር።

በወሩ ማብቂያ ግምገማ ተቀመጥን። አቶ ዳኛቸው የሽንፈቱን መንስኤ በጥልቀት መረመሩ። «አውሬው ጉድለት የለበትም» አሉ። «የጎደለው የሰው ኃይል ነው። አንድ ሰው ይመደብለትና ላዩ ላይ ይቀመጥ።»

ሁሉም አቀረቀረ። ጭቃ አውሬ ላይ ተሰቅሎ የሚውል ማን ነው? ከኋላ በኩል አንዲት እጅ በቀስታ ወጣች፤ የስርጉት እጅ።

አያ ይሻው መሰላል ሠሩላት፤ ጀርባውንም ጎድጎድ አድርገው መቀመጫ አወጡለት። ማኅተሟንና መዝገቧን ይዛ ወጣች፤ ጋቢዋን አንጥፋ እግሯን ወደ መስኮቱ ዘረጋች። በሳምንቱ ከዘራውን ጣለችው። እሰይ አልን! ባለጉዳይ ሲመጣ ከአውሬው አንገት ሥር ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ወደ ላይ ያያል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል። ማመልከቻውን በሸንበቆ ጫፍ ሰክቶ ይሰጣታል፤ እሷም ማኅተሟን አሳርፋ ትመልስለታለች። ከዚያ ክፉ አፍ ሥር ቆሞ ነገር የሚያስረዝም ባለጉዳይ ስለሌለ ጉዳይ በአምስት ደቂቃ ማለቅ ጀመረ። ገበሬዎቹ «እሜቴ» ይሏታል። መጀመሪያ «ኧረ እኔ መዝገብ ቤት ነኝ» ትል ነበር። ኋላ ኋላ ተወችው።

አጣሪ ቡድኑ የመጣው በዚህ መሐል ነው። መሪው በሩን አልፎ ቀና ሲል አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ይህን የሚያክል ሥራ በዞናችን ታይቶ አይታወቅም!» አለ። «ኃላፊዋ እርስዎ ነዎት?»

ስርጉት ጋቢዋን አስተካከለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ኃላፊውስ እኔ...» አሉ አቶ ዳኛቸው ከአውሬው እግር ሥር።

«ጥሩ፣ እስቲ አንተ ወንድሜ ወንበር አምጣልን» አለ መሪው። አመጡ። ሃያ ሦስት ዓመት ታዘው የኖሩ ሰው ናቸው፣ እግራቸው በራሱ ሄደ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ፦ «በከፍተኛ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገልግሎት በመስጠት ላይ የሚገኙትን ወይዘሮ ስርጉትን በኃላፊነት ስለመመደብ።» አቶ ዳኛቸው ወደ መዝገብ ሥራ ተዛወሩ፤ ጠረጴዛቸውም ኮሪደሩ ላይ ሆነ።

አዲሷ ኃላፊ የመጀመሪያ ስብሰባዋን ጠራች። እታች ቆመን አንገታችንን ወደ ላይ ሰቀልን። ወይዘሮ ፈንታነሽ ፊታቸው በርቶ ቀድመው ተገኝተዋል፤ አያ ይሻውን ከነዶማቸው ይዘዋቸው መጥተዋል። እውነትም ደስ ይላል! የአውሬውን ከንቱነት ከስርጉት የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? ቢፈርስ ክፍሉ ሦስት ጠረጴዛ ይይዛል፤ ለእሷም ለፈንታነሽ ሰዎችም ፀሐይ ይዳረሳል። እኔ በሐሳቤ ወንበሬን መስኮቱ ሥር አድርጌ ጨርሻለሁ።

«እሜቴ፣ ከየት በኩል ልጀምረው?» አሉ አያ ይሻው ዶማውን ከፍ አድርገው።

ስርጉት ዝቅ ብላ አየችን።

«አይ አያ ይሻው፣ ዶማውን ያስቀምጡና ጭቃ ያቡኩ» አለች። «ጀርባው ላይ አንድ ስንዝር ይጨመርለት።»

«ለምን ሲባል?» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ።

«በዚያች ከጣሪያው ሥር ባለች ትንሽ መስኮት ከሰዓት በኋላ የሚገባ ፀሐይ አለ። ለጥቂት ነው የሚያልፈኝ።»

አጨበጨብን።