ጡረታ ያልገባው መምህር በፊላደልፊያ

ጡረታ የወጣ መምህር የሚባል ሰው በምድር ላይ የለም። ክፍሉን የነጠቁት መምህር ግን በየሰፈሩ አለ። ተማሪ ቢያጣ ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ ያገኘውን ሰው ያስተምራል።

ክቡር መምህር ተረፈ የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። ዱራሜ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምረዋል። አንድ ጊዜ ከሆሳዕና ሲመለሱ ስለ እያንዳንዱ ወንዝ መነሻ ሲያስረዱ፣ አጠገባቸው የተቀመጠው መንገደኛ እስከ ዱራሜ ከፍሎ ገና መንገድ ላይ፣ አንጋጫ ወርዷል። «ልብ በሉ፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል!» ሳይሉ ንግግር አይጨርሱም። ሚስታቸው ወይዘሮ ገነቴ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ የነበሩት፣ «ጌታ ሆይ፣ የዚህን ሰውዬ ምላስ ለአንድ ቀን አሳርፍልኝ» ብለው ስንቴ ጸልየዋል።

ልጃቸው አቢጋኤል አሜሪካ ጠርታቸው፣ ፊላደልፊያን በአስጎብኚ እንዲያዩ ትኬት ቆረጠችላቸው። መምህሩ ሳምንት ሙሉ ስለ ተሰነጠቀችው የነጻነት ደወል ብቻ አወሩ።

«እሷን ሳላይ ብሞት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ሐሜት ሆኖ ይቀራል» አሉ።

አስጎብኚዋ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ወጣት ናት። የመጀመሪያው ሕንፃ ፊት ቆማ «ጥያቄ አለ?» ስትል መምህሩ ጃንጥላቸውን አነሱና በመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛቸው ጀመሩ።

«በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጠሽኝ አመሰግናለሁ። ሦስት ጥያቄና አንድ አስተያየት አለኝ።»

አስተያየቱ ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ወይዘሮ ገነቴ መሬት መሬት ያያሉ። ሦስተኛው ሕንፃ ጋ ሲደርሱ ግማሹ ጎብኚ በጃንጥላው ዙሪያ ተሰብስቦ፣ አንዲት አሮጊት ማስታወሻ መያዝ ጀምራ ነበር። አስጎብኚዋ ቻለችው እንጂ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

ደወሏ ዘንድ ደረሱ። መምህሩ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ጁላይ አራት ቀን የአሜሪካን ነጻነት ያበሰረችው ይህቺ ናት! ልብ በሉ!»

«እሱ እንኳን ተረት ነው» አለች አስጎብኚዋ በትሕትና። «በዚያ ቀን ስለ መደወሏ ማስረጃ የለም። ወሬው ከብዙ ዓመት በኋላ ከልቦለድ የመጣ ነው።»

ጃንጥላው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ገነቴ፣ ይህንኑ ፈተና ላይ እውነት ወይስ ሐሰት ብዬ ጠይቄ፣ ሐሰት ያሉትን ሁሉ ኤክስ አድርጌባቸዋለሁ እኮ። ያ ተማሪዬ ሚክያስ በአንድ ማርክ ነው የወደቀው።»

«ሚክያስ ሀደሮ ላይ ፎቅ ሠርቷል። ምን ጎደለበት?»

«እኔ ብሳሳት ግድ የለም። ስንቱን ልጅ አሳሳትኩ!»

ከዚያ በኋላ መምህሩ «ጥያቄ አለ?» ሲባል ጫማቸውን ያያሉ። አስጎብኚዋ እንኳ ደንግጣ ወደ እሳቸው መዞር ጀመረች። ወይዘሮ ገነቴ የለመኑትን አገኙ፤ ግን አልጣማቸውም። ለካ ያንን ድምፅ ይወዱት ኖሯል፤ ባላቸው ሳያወሩ ከተማው ሁሉ ጡብ ብቻ ሆነባቸው።

አንድ አሮጌ ቤት ፊት ሲደርሱ የባላቸውን ክንድ ይዘው አስቆሟቸው።

«የአቢጋኤል አባት፣ ይሄ ቤት የምን ነበር?»

«ልጅቷን ጠይቂያት።»

«እሷ የምታስረዳው ለፈረንጅ ነው። እኔ ካንተ ነው የለመድኩት።»

«ተሳስቼ ቢሆንስ?»

«አብረን እንሳሳታለና! ስንት ዓመት አብረን ኖረን፣ ዛሬ ለብቻህ ልትሳሳት ነው?»

መምህሩ መነጽራቸውን ጠረጉ። ቤቱን አዩ፣ ጉሮሯቸውን አጸዱ፣ «እንግዲህ እርግጠኛ ባልሆንም...» ብለው ጀመሩ። ገለጻቸው ከበሩ ተነሥቶ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ጃንጥላው ወደ ሰማይ ተቀስሯል። አስጎብኚዋና ጎብኚዎቹ ጥለዋቸው ከሄዱ ቆይተዋል። ወይዘሮ ገነቴ ጉልበታቸውን እያመማቸው ቆመው ሰሙ፤ መምህሩ ሊጨርሱ ሲሉ ደግሞ ቶሎ ብለው ሌላ ጥያቄ ጠየቁ።