ማፊ ቪፒኤን

ሰው በሀገሩ የሚፈራው ሌላ፣ በሰው ሀገር የሚፈራው ሌላ ነው። እኔ ደሴ እያለሁ የምፈራው የጎረቤታችንን ውሻና የሒሳብ አስተማሪዬን ብቻ ነበር። ሁለቱም ሲመጡ ይታያሉ፤ መሮጥ ይቻላል። ሻርጃ ከገባሁ ወዲህ ግን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላትን መፍራት ጀመርኩ፤ ቪ፣ ፒ እና ኤን። ከፊደል ወዴት ይሮጣል?

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። እዚህ ሀገር በስልክ እናትን እያዩ ማውራት በቀላሉ አይሆንም፤ ጥሪው አልገባም ይላል። ስለዚህ ሐበሻው ቪፒኤን የሚባለውን ነገር ይከፍትና በዚያ በኩል ሾልኮ እናቱን አይቶ ይወጣል። ይህ ደግሞ ያስቀጣል ይባላል። የተቀጣ ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ የተቀጣ ሰው ዘመድ የሚያውቅ ሰው ግን አልጋ አልጋ ተከራይተን ከምንኖርበት ከየቢድ ስፔሱ አይጠፋም።

እኛ ቤት ሕጉን ያወጡት እትዬ ዘነበች ናቸው። አል ናህዳ ሰፈር አንድ ክፍል የምንጋራ፣ ቀን ቀን ሚርዲፍ ሄደው ማዳም ቤት የሚሠሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ሕጋቸው አጭር ነው፤ ቪፒኤን ይከፈታል፣ ጤና ይጠየቃል፣ በሁለት ደቂቃ ይዘጋል። ከዚያ በላይ የቆየ ይያዛል። ይህን ከየት እንዳመጡት ብጠይቃቸው፣ ዋላሂ የማያውቅ የለም አሉኝ። ለሐዘን ግን ሦስት ደቂቃ ይፈቅዳሉ። ጨካኝ አይደሉም።

በዚህ ሕግ እየተዳደርን ሳለ ዝናብ ዘነበ። የደሴን ክረምት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ንቄው ነበር። ጠዋት በመስኮት ሳይ ግን አል ናህዳ መንገድ የለውም፤ መኪኖቹ እስከ በራቸው ውኃ ውስጥ ቆመዋል። ወዲያው ሙዲራችን፣ ማለትም አለቃዬ፣ ሁላችሁም ከቤት ሆናችሁ በቪፒኤን ሥሩ ብሎ መልእክት ላከ።

እኔ ዴራ ውስጥ የኢትዮጵያ ነጋዴዎችን ዕቃ በሚልክ የካርጎ ቢሮ ሰነድ እሠራለሁ። ያን ጊዜ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሙዲሩ ካልፈረመ ሥራው ኸላስ፣ ቪዛውም ኸላስ፣ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቤት። ስለዚህ አልሠራም ማለት አይቻልም። የኮምፒውተር ባለሙያችን ቢጁ ቀደም ሲል ቪፒኤኑን ላፕቶፔ ላይ ሲጭንልኝ፣ ይሄ የድርጅቱ ነው፣ ሕጋዊ ነው፣ የቢሮው ማኅደር ሁሉ ቤትሽ ይመጣል ብሎ አስረድቶኛል። ጭንቅላቴ ተቀበለው። ሆዴ ግን እሺ አላለም።

ሥራችን ያለው አንድ ፋይል ውስጥ ነው። የማን ዕቃ ስንት ካርቶን ነው፣ መቼ ይጫናል፣ ሁሉም እዚያ ይጻፋል። አንድ ሰው ከፍቶ ሲጽፍበት ፋይሉ ሌላውን እገሊት እየሠራችበት ነው ብሎ ስም ጠርቶ ይመልሳል።

መጋረጃውን ዘጋሁ። ቪፒኤኑን ከፈትኩ፣ ፋይሉን ከፈትኩ፣ ሁለት መስመር ጻፍኩ። ውኃው ከሥራ ያስቀራቸው እትዬ ዘነበች ከአልጋቸው ሆነው ሰዓት ይዘዋል። ሁለት ደቂቃ ሞላ፣ ዝጊው አንቺ ልጅ! አሉ። ፋይሉን ሳላስቀምጥ፣ ሳልዘጋ፣ ቪፒኤኑን ድርግም አደረግኩት። የጻፍኩት ጠፋ። ትንሽ ተንፍሼ እንደገና ከፈትኩ፤ እንደገና ዝጊው! እንዲህ እያልን እኩለ ቀን ደረስን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ለፍቼ እንደዚያ ቀን ምንም ያልሠራሁበት ጊዜ የለም።

ከዚያ ስልኬ ጮኸ። ቢጁ ነው። አላነሳሁም። መልእክት ላከ፤ ቪፒኤንሽ ክፍት ነው? ቶሎ ደውይ ይላል። ቀጥሎ ማን ቢደውል ጥሩ ነው? ሙዲሩ ራሱ! እትዬ ዘነበች አንዴ ስልኩን አንዴ እኔን አዩና፣ ተያዝሽ አሉኝ። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለው በርበሬ የምናስቀምጥበት ባልዲ ውስጥ ከተቱት። እዚያ እጁን የሚሰድ ፖሊስ አልተፈጠረም አሉ።

በሩ ተንኳኳ።

አልዋሽም፣ አለቀስኩ። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ጫማዬን አደረግኩ፤ ሰው በባዶ እግሩ አይታሰርም መቼም። እትዬ ዘነበች እመ ብርሃን እያሉ በሩን ከፈቱና ሰውየው አፉን ሳይከፍት፣ ማፊ ቪፒኤን! ብለው ጮኹበት፤ ቪፒኤን የለም ማለታቸው ነው። የሕንፃው ዘበኛ ነበር፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ። ግራ ገብቶት አያቸውና፣ እሱን እንኳ አላውቅም፣ የሌለው ሊፍት ነው፣ ምድር ቤቱ ውኃ ገብቶበታል አለን።

በሦስተኛው ቀን መንገዱ ሲደርቅ፣ የይቅርታ ንግግሬን ሜትሮ ውስጥ እያጠናሁ ቢሮ ገባሁ። ሙዲሩ ሁላችንንም ሰበሰበ። ይህ ሰው አመስግኖ አያውቅም። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ፋይሉን በሞከርኩ ቁጥር የዚች ልጅ ስም ነው የሚመጣው አለ። እናንተ ምሳ ላይ ስትጠፉ እሷ ከሥራዋ አልተነሳችም፤ እኔ ስደውል እንኳ ቀና ብላ ስልክ አላነሳችም አለ። ወረቀቴን አውጥቶ ሁሉም እያዩ ፈረመ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ፊርማውን አየሁና ዘጋሁት።

ቢጁ ግን ወደ ጥግ ጠራኝ። ቀኑን ሙሉ ቪፒኤን ላይ የቆየሽው ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም አለኝ። ፋይሉን ሳትዘጊ ስለምትወጪ ውስጥ ያለሽ መስሎት ነው ሰውን የከለከለው፣ የደወልኩልሽም ዝጊው ልልሽ ነበር፤ ሽንት ቤት ከውስጥ ቆልፎ በመስኮት እንደ መውጣት ነው አለ። ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት። እሺ ብሎ ላፕቶፔን ሊያይልኝ ከፈተና አራት ጊዜ አስነጠሰ።

ማታ ቤት ገብቼ ለእትዬ ዘነበች ሁሉንም ነገርኳቸው። ሙዲሩ እንደፈረመልኝ፣ እንዳመሰገነኝ። በመጨረሻም ሽልማቱን ነገርኳቸው፤ ከቤት እንዲህ የምትተጋ ልጅ ከተገኘችማ ብሎ ቅዳሜና እሑድም እንድሠራ ቪፒኤኑን ለእኔ ብቻ አስከፍቶልኛል። ባሉኝ ሁለት የዕረፍት ቀናት፣ እሱ እስከፈለገው ሰዓት ድረስ።

እትዬ ዘነበች፣ አላልኩሽም ያስቀጣል ብዬ? አሉኝ።